ስሊፐርዎን ሳያራግፉ

አክስቴ፣
የሰፋሁትን ልብስ ላስረክብ ወጥቻለሁ።

ስኳሩ እግርዎን ጨርሶ ሳያደነዝዘው እንቅስቃሴውን ይሥሩ። ወንበር ላይ ተቀምጠው ተረከዝዎን ሃያ ጊዜ ያንሡ፤ ከዚያ በአውራ ጣትዎ አየር ላይ ስምዎን ይጻፉ። «እግሬ ደግሞ ምን ፊደል ቆጥሮ!» ብለው እንዳያሾፉብኝ፤ እኔንስ ማን አስተምሮኝ ነው የምጽፈው?

መስታወቱን ወለሉ ላይ ትቼዋለሁ፤ ውስጥ እግርዎን ይዩበት።
ስሊፐርዎንም ሳያራግፉ አያጥልቁ።

አባዬም በዚሁ ስኳር እግሩ ደንዝዞ የስፌት መርፌዬን ረግጦ ሳይሰማው ዋለ፤ ያው ቁስል ይዞት ሄደ። እርስዎ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱኝም።
ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁንም ጠዋት ጠዋት ኮቴውን ኮሪደሩ ላይ እሰማለሁ፤ ማሽኑን አቁሜ አዳምጣለሁ።

መርፌዎቹን ቆጥሬ ቆልፌባቸዋለሁ፤ አንድም አልጎደለም።
ከተረከዙ የወጣችው ግን ከእኔ ጋር ናት።