እማ፣ ከቆላው አወጣንሽ

ለምወድሽ እናቴ፣

ያረፍሽበት ቦታ ሰላም ይሁንልሽ። ከተለየሽን ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። እስካሁን ያልጻፍኩልሽ ረስቼሽ አይደለም። ቆላ ሳለን ወረቀትም አልነበረን፣ የምነግርሽ ደግ ወሬም አልነበረኝ። ዛሬ አባባ ከቡሬ ገበያ ወረቀት ይዘውልኝ ስለመጡ፣ አንቺው ባስተማርሽኝ ፊደል ይህን እጽፍልሻለሁ።

መጀመሪያ ደስ የሚለውን ልንገርሽ። ጣሊያን አገራችንን ለቆ ሄደ። አባባ ከጫካ በሕይወት ተመለሱ፤ ግራ እግራቸውን ትንሽ ያነክሳሉ እንጂ ደህና ናቸው። የተቃጠለው ቤታችን መሠረት ላይ ጎጆ ቀልሰን ገብተናል፤ ክዳኑ አዲስ ስለሆነ ዝናብ አያስገባም። ጥቂት ቀን ብቻ ያቀፍሽው ልጅሽም ዛሬ እየሮጠ ነው።

እንዴት እንዳደገ ሳታዪ ስለሄድሽ ከዚያ ልጀምርልሽ።

ብር ወንዝ ዳር፣ ከተሸሸግንበት ዋሻ ውስጥ፣ ከወሊዱ በኋላ ደምሽ አልቆም ብሎ ስታርፊ፣ ባንዳ ከበላያችን በጋራው እያለፈ ነው ተባለና ልቅሶ ተከለከለ። ሽማግሌዎቹ ዋንዛው ሥር ሲቀብሩሽ ቄስ አልነበረም፤ ፍትሐትም አልደረሰልሽ። እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ቆሜ አየሁ። አንዲት እንባ አልወረደችኝም።

ሕፃኑን ግን ማን ዝም ያሰኘዋል? የፍየል ወተት በጣቴ ባቀምሰው ተፋው። ባለቀሰ ቁጥር ሰው ሁሉ ወደ እኔ ያያል። ክፉ የተናገረኝ የለም፤ ግን እናቶቹ የየራሳቸውን ልጆች ወደ ጉያቸው ሲሰበስቡ አይ ነበር።

ያኔ ነው እትዬ ወርቄ የመጡት። አታውቂያቸውም፤ ባረፍሽ ማግሥት ከአገው ምድር ከሸሹ ሰዎች ጋር የደረሱ ናቸው። ባላቸው ተገድሎባቸው፣ የሚያጠቡት ልጅም መንገድ ላይ ሞቶባቸው ነበር። ጥግ ይዘው ለብቻቸው ተቀምጠዋል፤ ጡታቸው ሞልቶ ቀሚሳቸውን አርጥቦታል። ማንም ሳይጠራቸው ተነሥተው መጡና፣ “ስጪኝ ልጄ” አሉኝ። ሰጠኋቸው። ጠባና ተኛ።

እማ፣ ማመስገን ሲገባኝ ጠላኋቸው። ልጁን “ምትኬ” እያሉ ሲጠሩት፣ የእናቴ ልጅ እንጂ የማንም ምትክ አይደለም እል ነበር በልቤ። ይዘውት ወደ አገራቸው እንዳይሄዱ ፈርቼ እግራቸው ሥር ነበር የምተኛው። እሳቸው ግን እንዳልገባቸው ሆነው ያልፉኛል።

የሴት ወግ የመጣብኝ ቀን፣ መሞቴ ነው ብዬ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደበቅሁ። ፈልገው ያገኙኝ እሳቸው ናቸው። አጠቡኝ፤ ከመቀነታቸው ቀደው ጨርቅ ሰጡኝ። “ይህ ሕመም አይደለም። እናትሽም ያየችው፣ እኔም ያየሁት ነው” አሉኝ። ባያውቁሽም አንቺን አስቀድመው መጥራታቸው ልቤን አለዘበው።

ጣሊያን ሄደ ሲባል ሰው ሁሉ ወደየቀየው ተነሣ። እኛ ወደ ማንኩሳ፣ እሳቸው ወደ ወንድሞቻቸው። ልጁን በአንቀልባ አሳዘሉኝና ግንባሩን ስመው፣ “አደራሽን ተረከቢ” ብለው መንገዳቸውን ያዙ። ስጠብቀው የኖርኩት ቀን ነበር። ልጁ ግን እጁን ወደ እሳቸው ዘርግቶ ያለቅሳል። እኔም ሳላስበው ሮጬ ደረስኩባቸውና ቀሚሳቸውን ያዝኩ።

“እትዬ፣ ከእኛ ጋር ይግቡ” አልኳቸው።

ዞር ብለው፣ “አባትሽስ ምን ይሉኛል?” አሉ።

“አባቴ በሕይወት ከተመለሱ ያመሰግኑዎታል፤ ካልተመለሱም እኔ አለሁ።”

አባባ ሲመጡ ታሪኩን ሰምተው፣ በዚያ እግራቸው ተነሥተው እጅ ነሷቸው። አሁን ልጁ ጡት እስኪተው ከእኛ ጋር ናቸው፤ ከዚያ ወዲያ መሄዱም መቅረቱም በፈቃዳቸው ነው። እኔ እንዲቀሩ እፈልጋለሁ። ይህን ስልሽ እንደማትቀየሚኝ አውቃለሁ።

በሚያዝያ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ወደ ብር ወንዝ ወርደን አጽምሽን አወጣን። አባባ ራሳቸው ቆፈሩ፤ ማንም እንዲያግዛቸው አልፈቀዱም። እትዬ ወርቄ ነጭ አቡጀዲ ዘርግተው ተቀበሉ። አቀበቱን እየተቀባበልን ተሸክመንሽ ወጣን። ማርያም ደጅ ስንደርስ ካህናቱ ወጥተው ተቀበሉሽ፤ ፍትሐቱም ሳይጓደል ተደረሰልሽ።

ያን ጊዜ ጮህኩ፣ እማ። ዝም በይ ያለኝ የለም። የአገሩ ሴቶች ደረታቸውን እየመቱ አገዙኝ፤ ድምፄ እስኪዘጋ አለቀስኩ። ስጨርስ ሸክም እንዳወረደ ሰው ቀለለኝ። ቤት ገብቼ የቀረበልኝን ንፍሮ ጠርጌ ስበላ እትዬ ወርቄ አይተውኝ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። በዚያ ቀን መሳቄ አላሳፈረኝም።

ቁመቴ ያንቺን አክሏል ይላሉ። ሽማግሌ የላኩም አሉ። አባባ፣ “ልጄ ገና ከሐዘኗ አላገገመችም፤ ስትፈቅድ ራሷ ትነግረኛለች” ብለው ሲመልሷቸው ከጓዳ ሰምቼ እፎይ አልኩ።

አሁን ውኃ ስቀዳ በማርያም አጥር በኩል ነው የማልፈው። እንስራዬን አውርጄ ውሎዬን እነግርሻለሁ። ወንድሜም አንዳንዴ ይከተለኛል። የማን መቃብር እንደሆነ ነግሬዋለሁ። “ይመኙሻል” ብለህ ጥራት ስለው፣ አፉን በቅጡ ስላልፈታ “መኙ” ይላል። ስምሽን እስኪያቀናው ድረስ እየደጋገምኩ አስተምረዋለሁ፤ ካቀናው በኋላም አብረን እንጠራሻለን።

ልጅሽ አስካለ