ሰርግ ላይ ማይክ ለጨበጡት የድንበር ጉዳዮች ሃላፊያችን

ለተከበሩ አቶ ሱዩንቤክ ኦሮዝባዬቭ
የክፍለ ሀገራችን የድንበር ጉዳዮች ዋና ሃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? በተለይ ጉሮሮዎ? በእህትዎ ልጅ ሰርግ ላይ እንደዚያ ከተናገሩ ወዲህ ድምፅዎ እንዳይዘጋ የሳሪ ኮፕሮ መንደር ሰው በሙሉ ሲጨነቅልዎ ሰንብቷል። እኔ ኑርጋዚ ነኝ፤ ከዘጠነኛ ክፍል ያልዘለልኩ፣ ድልድዩ አጠገብ ጎማ የምለጥፍ። አምና ሊጎበኙን ሲመጡ የመኪናዎን ጡሩምባ እንደ አህያ ያስጮኸው ማን እንደሆነ አጥብቀው ሲያጠያይቁ ነበር። መንደሩ በሙሉ ያውቀዋል፤ እስከ ዛሬ ግን ትንፍሽ ያለ የለም። ይህን ያነሳሁት እንዲያው ለጨዋታ ነው።

ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ለመንግሥት ሲጻፍ እንደዚህ ነው ብለውኛል።

1ኛ. ወንድሜ ቲሌክ ሽንኩርት እንደጫነ መንገድ ስቶ ድንበር በማለፉ ማዶ ከታሰረ ሦስት ወሩ ነው። ማር ነጋዴው አጎቴ ማማሳሊ ማዶ ገበያ በሄደ ቁጥር በእርስዎና በማዶው አዛዥ መካከል ወሬ እያመላለሰ፣ ልጁ ሐሙስ እንዲለቀቅ ቀን ተቆርጦለት ነበር። እርስዎም ቅዳሜ፣ የበጉን ራስ እንደ ክብርዎ ተቀብለው ምላሱን ለራስዎ ካስቀሩ በኋላ፣ ማይኩን ይዘው «እናቶች አታልቅሱ፤ አዛዡ ለአለቆቹ ሳይናገር ይለቅልናል፤ የሚያመላልሰውም ይሄ ማማሳሊ ነው፤ ተነስ እንጂ ማማሳሊ፣ ይዩህ» አሉ። አጎቴ ግን አልተነሳም፤ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ነበር።

2ኛ. የሰርጉ ቪዲዮ ጭፈራው ሳያልቅ ማዶ ደረሰ። እዚያ ያለው አማቻችን ደውሎ «ሃላፊያችሁ አንደበቱ ማር ነው፤ አዛዣችንም አይቶታል፤ አለቆቹም አይተውታል» አለን። አዛዡን ሰኞ አነሱት። ሐሙስ እናቴ ድልድዩ ላይ ቆማ ዋለች፤ የመጣ ሰው የለም።

3ኛ. የአጎቴ ሚስት «አንተ ማማሳሊ፣ ለእኔ ያልነገርከውን ለሱዩንቤክ ነገርከው?» ብላ ከቤት አስወጥታዋለች። አሁን የሚያድረው ከቀፎዎቹ ጋር ነው። ንቦቹ ከእርስዎ ይልቅ ዝም ይላሉ ይላል።

4ኛ. እሁድ በቴሌቪዥን ቀርበው ነገሩን ማስተባበልዎን ሳላመሰግን አላልፍም። «ማማሳሊ የሚባል ሰው አናውቅም፤ ሰማያዊ መኪናውም ነዳጅ የምትቀዳው ከእኛ አይደለም» ሲሉ ልቤ በኩራት ተሞላ። ክቡርነትዎ፣ ስለ መኪናዋ ቀለም ማን ጠየቀዎት? ስለ ነዳጁስ?

ለዚህ ሁሉ ምስጋናዬ ወደር የለውም። የስለላ መሥሪያ ቤት ላቋቁም ቢል የማዶው መንግሥት ስንት ሰው መቅጠር ነበረበት፤ እርስዎ ግን በአንድ ማይክ ገላገሉት።

አንድ ልመና ብቻ አለኝ። እናቴ ቲሌክን ለማስፈታት ሌላ መንገድ ጀምራለች። በማን በኩል እንደሆነ አልጽፍልዎትም፤ ቢመጡም አይነገርዎትም፤ የጡሩምባውን ጉዳይ ያስታውሱ። ቲሌክ ቤቱ እስኪገባ ድረስ ግን ሰርግ ቢጠሩ ጉንፋን ይዞኛል ይበሉ፤ ቴሌቪዥን ቢጠራዎት ከብት ጠፋብኝ ይበሉ፤ ማይክ ቢያዩ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ እንደ እባብ ይሽሹት።

ጤናና ሹመት ከነ ሙሉ ዝምታው እየተመኘሁልዎ፣ ከጫማዎ በታች ሆኜ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ኑርጋዚ፣ ጎማ ለጣፊው
ሳሪ ኮፕሮ፣ ድልድዩ አጠገብ

ተጨማሪ፦ ቲሌክ ሲገባ የእሱን ሰርግ እንደግሳለን፤ እርስዎም ተጠርተዋል። ከላይ ይቀመጣሉ፣ የበጉ ራስም ለእርስዎ ይቀርባል። ሁለቱም ጆሮዎች የእርስዎ ናቸው፤ እንደ ልማዱ ለልጆች አያካፍሉ፣ ይብሏቸው። ምላሱን ግን እናቴ ከአሁኑ ለማማሳሊ ብላዋለች።