ለፕሮሰሰሩ ዕረፍት፣ ለእኔም ፈቃድ ስለመጠየቅ

ለክቡር የመሥሪያ ቤታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እኔ የሰርቨር ክፍሉ ባለሙያ፣ ለማሽኑ በተገጠመው የአየር ማቀዝቀዣ ሥር ጃኬት ደርቤ፣ በትእዛዝዎ መሠረት ከወንበሬ ሳልነቃነቅ አለሁ። የዊንዶውስ ሰርቨሩ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር እስኪረጋጋ ከሥራ ገበታዬ እንዳልለይ ብለው የዕረፍት ፈቃዴን ስላገዱልኝ፣ ያለ እኔ ሥራ እንደማይሄድ ዘመድ ወዳጅ ሁሉ አውቆልኛልና አመሰግናለሁ። ፈቃዱን የጠየቅሁት ሌላ ከተማ ያለችው እናቴ የዓይን ሞራ ተገፎላት፣ ፋሻው ሲፈታ አጠገቧ እንድሆን ስለለመነችኝ ነበር።

ምርመራውን በተመለከተ ቅሬታዬን በአክብሮት አቀርባለሁ።

፩. ፕሮሰሰሩ መቶ በመቶ ሲሞላ የፋይናንስ ኃላፊው ቫይረስ ነው አሉ፤ የሰው ሀብት ኃላፊዋ ደግሞ የእኔ ስንፍና ነው አሉ። ቫይረስ ፈለግሁ፣ የለም። ስንፍናዬንም ፈተሽኩ፣ እሱ እንኳ ጊዜ አላገኘም። ሰርቨሩን አጥፍቼ ሳስነሳው ለጥቂት ጊዜ ቀለል አለው፤ ኃላፊዎቻችን ቢሯቸው ገብተው ኮምፒውተራቸውን ሲከፍቱ ግን ተመልሶ ጣሪያ ነካ። ያኔ ነገሩን ጠረጠርኩ።

፪. የሚሠሩትን ፕሮግራሞች የሚዘረዝረውን ታስክ ማናጀር ከፍቼ ፕሮሰሰሩን በብዛት የሚበላውን በቅደም ተከተል ሳስቀምጥ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ስም ብቻ ተደረደረ፤ እሱም የሰርቨሩን ድካም በግራፍ እንዲመለከቱበት እርስዎ ለራስዎና ለየኃላፊው ያስጫኑት መከታተያ ፕሮግራም ነው። ሁሉም በየሰከንዱ ሰርቨሩን እንዴት ነህ ይሉታል፤ በሽተኛን እየቀሰቀሱ ተኛህ ወይ እንደማለት ነው። ሰርቨሩ በዘገየ ቁጥር እርስዎ አንድ ተጨማሪ ተመልካች ስለሚሾሙለት፣ ለትጋትዎ ምስጋና ቃል ያጥረኛል።

፫. ፕሮግራሙን ልዝጋ ብል ያለ ፊርማዎ ክልክል ነው። ፊርማዎ የሚጠየቀው በኤሌክትሮኒክ ማመልከቻ ነው፤ ማመልከቻው የሚከፈተው በዚሁ ሰርቨር ነው፤ ሰርቨሩ ደግሞ እናንተን ሲያስተናግድ ለእኔ ፋታ የለውም። በአካል መጥቼ ደጅ ስጠና፣ ሰርቨሩን እየተከታተሉ ስለሆነ እንዳይረበሹ ማዘዝዎን ጸሐፊዎ ነገረችኝ። ክቡር ሆይ፣ መውጫ አጥቻለሁ፤ በእውነት ጨንቆኛል።

፬. የዕረፍት ፈቃድም የሚሞላው በዚያው ማመልከቻ ነው።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ መግቢያው ላይ ባለው ማስታወቂያ ሰሌዳ እለጥፈዋለሁ፤ ወረቀት ፕሮሰሰር አይፈልግም።

ከትጉህ ዓይንዎ ሥር የማይጠፋው፣ ከወንበሩ ጋር አብሮ በንብረትነት ሊቆጠር ጥቂት የቀረው፣
ታዛዥዎ የሰርቨር ክፍል ባለሙያ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ እህቴ ደወለች። ፋሻው ተፈቷል። እናታችን መጀመሪያ ወደ በሩ አየች አለችኝ፤ ቀጥሎም ሐኪሙን፣ «ልጄ እስኪመጣ መልሰህ ሸፍንልኝ» አለችው። እንግዲህ እርስዎ ግራፉን አይተው እስኪጠግቡ፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና ትጠብቃለች።