የአባዬ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች

ሰኞ፣ የካቲት 2

አባዬ ዛሬም ቃሉን አልያዘውም። ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፦ «ዘገየሽ።» «በሩን ክፍት ትቼልሽ ነበር።» «ግቢ፣ ብርድ ነው።» ጠዋት ሁለቱን በትክክል አለ። ከምሳ በኋላ ሦስቱም ጠፉ። በትልልቅ ፊደል ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩለት። አንብቦ ሲጨርስ፣ «የእጅ ጽሕፈትሽ ሸጋ ነው። ግን ተማሪሽ አይደለሁም» አለኝ።

ቀረጻው ሐሙስ ነው፣ አዘዞ። ልጄ ሰላም በምትተውንበት ፊልም ውስጥ አባዬ አንድ ትዕይንት ተሰጥቶታል፤ ሰላም የምትሆናትን፣ ከብዙ ዓመት በኋላ የምትመለስ ልጁን በር ላይ ይቀበላል። ዳይሬክተሩ በትሕትና ነግሮኛል፤ አባዬ ካልቻለ ሌላ ሽማግሌ ይተካል። ሰላም ከአያቷ ጋር አንድ ሥራ ላይ መታየትን ከልጅነቷ ጀምራ ትመኛለች። ሌላ ዕድል የሚኖር አይመስለኝም።

ማክሰኞ

ሰላም ለፊልሙ ማስተዋወቂያ የቤተሰባችንን ታሪክ ጻፊልኝ አለችኝ። ጻፍኩ። የአባዬ አባት በኮላ ድባ ሰርግ ቤቶች ዳኛና ባለጉዳይ እየመሰለ ሰው ያስቅ ነበር። አባዬ ጎንደር መጥቶ ከኪነት ቡድን ጋር መድረክ ላይ ወጣ። እናቴን ያገኛት እዚያው ነው፤ መድረክ ላይ ሦስት ጊዜ ከተጋቡ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ተጋቡ። ከዚያ ሰላም፣ በፊልም።

አንብባ፣ «ያንቺስ የታል?» አለች።

የኔ ከመጋረጃው ኋላ ነበር። አስተማሪ ከመሆኔ በፊት፣ በልጅነቴ፣ ጽሑፉን ይዤ ቃል ለጠፋበት ተዋናይ በሹክሹክታ እነግር ነበር። አባዬ ግን እኔን አይጠብቅም። ባልደረባው ሲደናቀፍ ካየ በከዘራው ወለሉን ሁለቴ መታ አድርጎ የዚያን ሰው ቃል በራሱ ንግግር ውስጥ አዟዙሮ ይናገርለታል። ተመልካቹ እንዲያ የተጻፈ ይመስለው ነበር። ይህንንም ጨመርኩላት።

ረቡዕ

ከባድ ቀን። ሰላምን በእናቴ ስም ጠራት። ላርመው ስል በዓይኗ ከለከለችኝ።

ስንለማመድ ድምፁ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። «አባዬ፣ ማይክ አለ እኮ፤ ዝቅ አድርገው» አለችው ሰላም።

«ምነው፣ ከኋላ የተቀመጠው አልከፈለም?» አለ። ሳቅን። ቃሉ ግን ዛሬም የለም።

ማጀት ገብተን፣ «ይቅርበት፣ ሰው ፊት እንዳያፍር» አልኳት።

«ይሞክር እማዬ። ቢያቅተውም አጠገቡ ነን» አለች።

ሐሙስ

ሚኒባስ ባለፈ ቁጥር ድምፅ የሚቀዳው ልጅ እጁን እያነሳ ያስቆመናል። አባዬ ከዘራውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ሰላም ፊቷን በቀለም አጠውልገው፣ አሮጌ ነጠላ አልብሰዋት ስትመጣ አላወቃትም። «ይቺ ደግሞ ማን ናት? ምነው ምግብ አትሰጧትም?» አለና ወደ ቤት ልሂድ ብሎ ዞረ።

ዳይሬክተሩ አሰበ። ወደ እኔ ዞሮ፣ «ካሜራው የሚያየው እሳቸውን ብቻ ነው፤ ሰላምን በኋላ ለብቻዋ እንቀርጻታለን። እርስዎን ያውቁዎታል። ከካሜራው ጎን ቆመው የሷን ቃል ይበሉላቸው» አለኝ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ናት፦ «አባ፣ እኔ ነኝ፤ መጣሁ።» ስንለማመድ ሳምንቱን ሙሉ የምላት ነበረች። መብራቱ በራ። አባዬ ቀና ብሎ አየኝ። አንድም ቃል አልወጣኝም።

ጠበቀኝ። ከዚያ ከዘራው ወለሉን ሁለቴ መታ።

«አንቺ መሆንሽን አውቄያለሁ። ባትናገሪም ግድ የለም» አለ፣ ጎረቤት በማይሰማው ድምፅ። «ዘገየሽ። በሩን ክፍት ትቼልሽ ነበር።» እጁን ዘረጋልኝ። «ግቢ፣ ብርድ ነው።»

እጁን ይዤ ገባሁ። ዳይሬክተሩ ድገሙት አላለም። ሰላም ስላለቀሰች ፊቷን እንደገና መቀባት ነበረባቸው።

ዓርብ

ወረቀቱን ከግድግዳው አነሳሁ። አባዬ አዘዞ መሄዱን አያስታውስም። ቁርስ ላይ ግን ድንገት፣ «ያቺ በሩ ላይ የቆመችው ልጅ ማን ናት?» አለኝ።

«የትኛዋ?»

«ቃል የጠፋት።»

አስተማሪ ናት አልኩት።

ዳቦውን አኝኮ እስኪጨርስ አሰበበት። «ፊቷ ይናገራል፤ ትችላለች። የጎደላት ልምምድ ነው። ነገ ላኪልኝ።»

እልካታለሁ አልኩ። ነገ ከቁርስ በኋላ እቀርባለሁ። ቃሌን እያጠናሁ ነው።