ፋሻ ያለቀባት ማኪና

ልጄ ወይንሸት፣ ያለሽበት አገር ብርድ ይራራልሽ፤ የቁስቋሟ እመቤት በወጣሽ በገባሽ ቁጥር ከፊትሽ ትቅደም።

እኛ ደህና ነን፤ ያቺ የአባትሽ አሮጌ ማኪና ግን አቃጠለችኝ። ዘይት ትጠጣለች! ጾም አታውቅ፣ ፍስክ አታውቅ! ትናንት ወደ እንፍራንዝ ስንወርድ ጭሷ ከኋላችን ያለውን ሚኒባስ ዋጠው። አባትሽ ግን "ትንሽ ጠምቷት ነው" ይላል።

መካኒኩ ሰውአገኝ "ፋሻዋ አልቋል" ቢለኝ፣ እኔ ሞኟ ከመድኃኒት ቤት የቁስል ፋሻ ገዝቼ ሄድኩ። ለካ እነሱ ፋሻ የሚሉት ፒስተኑ ላይ ያለውን ቀለበት ነው። ጋራዡ በሙሉ ሳቀብኝ፤ አባትሽማ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሞተሩ ይከፈትና ፋሻው ይቀየር ስለው ግን ፊቱን አጨለመ። "ወይንሸት መንዳት የተማረችባትን ማኪና ማንም አይፈታትም" ብሎ ዘይቱን ገለበጠላት። ምነው እንዲህ ደረቀብኝ?

እባክሽ ደውለሽ "ይከፈት" በይው፤ የሚሰማው አንቺን ብቻ ነው። እመቤቴ በሰላም ታገናኘን።

የገዛሁትን ፋሻ ለመድኃኒት ቤቱ መልሺው አሉኝ፤ አልመለስኩትም። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ አባትሽ ሲስቅ ያየሁት በሱ ብቻ ነው።

እናትሽ የትነበርሽ