የአባዬ ልብ ጤነኛ ነበር

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? በዚያ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ እርጥብ አንሶላ መሸከሙ አልቀነሰልሽም? እንቅልፍስ ታገኛለሽ? እኛ ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፣ ታናሻችን ጩጬዋም ደህና ናት። ደህና ነን የምልሽ ቆመን ስለምንሄድ ነው እንጂ ቤቱ አንቺ የምታውቂው ቤት አይደለም። እኔም ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። አባዬ ካረፈ ሦስት ወር ከአሥር ቀን ሆነው።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ስንደዋወል እማዬ ሁልጊዜ ከጎኔ ስለማትጠፋ ነው። መልእክት እንዳልጽፍልሽ ደግሞ ስልኩ የቤቱ ሁሉ ነው፤ ጩጬዋ ማንበብ ከለመደች ወዲህ የማትከፍተው ነገር የለም። ስለዚህ ወደ አንቺ በምትመለሰው በጎረቤታችን ልጅ እጅ አሽጌ ልኬልሻለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ለአንቺ የተነገረሽ "ድንገት ልቡ ቆመ" ተብሎ ነው። እንደዚያ እንዲባል የወሰነችው አክስታችን ናት። ከሆስፒታል ስንመለስ መኪናው ውስጥ "እንዲህ ያለ ሙሉ ሰው በጥርስ ሞተ ተብሎ ይወራል እንዴ? መሳቂያ ልንሆን ነው። ልቡ ነው በሉ" አለች። ለቀብር የመጣውን ሰው ሁሉ "ልቡ ነው፣ ልቡ ነው" ስል ዋልኩ። የአባዬ ልብ ግን ጤነኛ ነበር፤ ሐኪሙ ራሱ ነግሮኛል። የገደለው አንድ የታችኛው መንጋጋ ጥርሱ ነው። ከሥሩ የተነሳው መግል ወደ አንገቱ ወርዶ፣ አንገቱ ከውስጥ አብጦ ትንፋሹን ዘጋው። ሆስፒታል በገባ በማግስቱ ጠዋት አለፈ።

ነገሩ የጀመረው አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው። በመጀመሪያ ጥርሱን ሲቦርሽ ድዱ ይደማ ነበር። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ምላጭ የቆረጠውን የደንበኛ ፊት ምን እንደሚያደርገው ታውቂያለሽ፤ ጥጥ ይለጥፍበትና "እስኪደርቅ እጅህን እንዳታስጠጋበት" ይላል። ድዱንም እንደ ደንበኛ ፊት ቆጠረው። የደማ ቦታ ነው ብሎ ብሩሹን ተወው፤ ጠዋት ጠዋት በውኃ ብቻ ተጉመጥምጦ መውጣት ጀመረ። የሚነካው ነገር ሲጠፋ መድማቱ ቀነሰ፤ "አየህ፣ ዳነ" አለኝ ደስ ብሎት።

ከዚያ ሽታው መጣ። እታለም፣ ፀጉር አስተካካይ እንደ ሹፌር አይደለም፤ እንጀራው የሰው ፊት ላይ ጎንበስ ማለት ነው። ፂሙን የሚላጭ ሰው ወንበሩ ላይ ተንጋሎ ወዴት ይሸሻል? መጀመሪያ ደንበኞቹ ትንፋሻቸውን ይይዙ ነበር። ቀጥሎ "ዛሬ ፀጉሬን ብቻ" ማለት አመጡ። ቀጥሎ መንገዱን ተሻግረው አዲሱ ፀጉር ቤት ገቡ። ጎማ ጠጋኙ ጎረቤቱ አንድ ቀን ሰው በተሰበሰበበት "ወንድሜ፣ የእኔ ጎማ ሲተነፍስ እንኳ እንደዚህ አይሸትም" ብሎ ሁሉንም አሳቀ። አባዬም አብሯቸው ሳቀ። በማግስቱ ማስክ አድርጎ ሥራ ገባ። እነዚያው ሰዎች ለቀብር መጥተው "እጁ እንዴት ለስላሳ ነበር" እየተባባሉ ሲያለቅሱ ሰማኋቸው። በሩን ብዘጋባቸው ደስ ይለኝ ነበር።

እኛስ ብትይ፣ ከእነሱ በምን ተሻልን? እማዬ አዲስ የጥርስ ሳሙና ገዝታ፣ እሱ ሳያያት መታጠቢያው ላይ አስቀመጠች። እኔ ደግሞ ደውዬ "ለአባዬ ኃይለኛ የሚንት ከረሜላ ላኪለት" አልኩሽ፤ ለምን ብትይኝ "ይወደዋል" አልኩሽ። አራት ከረጢት ሙሉ ላክሽ። ከጠዋት እስከ ማታ ይመጠው ነበር። ስኳር ነው እኮ፤ ለበሰበሰ ጥርስ ስኳር ነው ያቀበልነው። አንቺ አላወቅሽም። እኔም አላወቅኩም እላለሁ፤ ግን እንደዚያ ስል ደረቴ አይቀልልኝም።

ለማንም ያልተናገርኩት ነገር ደግሞ አለ። የክፍላችን ፎቶ የምንነሳ ዕለት አባዬ ፀጉሬን እየቆረጠኝ ነበር። ወደ ጆሮዬ ሲጠጋ "አባዬ፣ እባክህ ወደዚያ ተንፍስ፣ ሊያስመልሰኝ ነው" አልኩት። ቶንዶሱን አጠፋው። አልተቆጣኝም። ማስኩን ከኪሱ አውጥቶ አደረገና ቀሪውን ጨረሰልኝ፤ አንገቴ ላይ የቀረውንም ፀጉር በብሩሽ አራገፈልኝ። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥም አፉን በእጁ ሳይጋርድ አያወራም ነበር። ምግቡን ለብቻው ይበላ ጀመር። ሳይላጭ ውሎ የማያውቅ ሰው ፂሙን አሳደገ። አገጩ ሥር ሲያብጥ በፂምና በማስክ ተሸፍኖ ማንም አላየውም። አራት ቀን የራስ ምታት ኪኒን ሲውጥ ከርሞ፣ በአምስተኛው ምራቁን መዋጥ ሲያቅተው ነው ያወቅነው።

እሱን ከቀበርን በኋላ ጩጬዋን የጥርስ ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ሐኪሟ ቀልደኛ ሴት ናት፤ የአባዬን ነገር በጆሮዋ ስነግራት ግን ቀልዷን ተወች። "ድድ የሚደማው በብዛት በጥርስና በድድ መሃል ቆሻሻ ስለሚቀመጥ ነው። ሲደማ በለስላሳ ብሩሽ ቀስ ብሎ ማጽዳት ነው እንጂ መተው የለም። እንደዚያም ሆኖ ካልቆመ፣ ሽታውም ካልሄደ፣ መታየት ነው" አለችኝ። ጠዋትና ከመኝታ በፊት መቦረሽ፣ ብሩሹ የማይደርስበትን የጥርስ መሃል በክር ማውጣት፣ ምላስንም ከኋላ ወደ ፊት መጥረግ። ማስቲካና ሚንት ሽታውን ለጥቂት ደቂቃ ቢሸፍኑት ነው። ምላስ ሲባል ጩጬዋ "የእኔን ምላስ እማዬ ረዥም ነው ትላለች፣ ሳሙናው አይበቃውም" ብላ ሴትዮዋን በሳቅ ገደለቻት። ይህ ሁሉ የአምስት ደቂቃ ወሬ ነው። አባዬ አምስት ደቂቃ ፊቱን አይቶ የሚነግረው ሰው አጣ።

ይህን ሁሉ የማወራሽ ወድጄ አይደለም። ባለፈው እሁድ በቪዲዮ ስንገናኝ በሳቅሽ ቁጥር አፍሽን በእጅሽ ትከልዪ ነበር። እማዬ በር ልትከፍት ስትነሳ ምን ሆነሽ ነው ብዬ ጠየቅኩሽ። "ድዴ እየደማ ነው፣ እስኪድን ብሩሽ አላስጠጋበትም" አልሽኝ። የሥራ ባልደረቦችሽም ምሳ ሲበሉ ከአንቺ ራቅ ብለው መቀመጥ እንደጀመሩ እንደ ቀልድ ነገርሽኝ። ሐኪም ጋ ሂጂ ልልሽ ስል እማዬ ተመልሳ ተቀመጠች።

እታለም፣ ይህን ባነበብሽ ሳምንት ሐኪም ጋ ሂጂ። ሥራ አልመች አለኝ አትበይኝ፤ አንሶላው ይቆይ። አፍሽን ከፍተሽ "ይሸታል፣ ይደማል" በያቸው፤ ሥራቸው ነው፣ አይገረሙም። ማታውኑ ደግሞ ብሩሽሽን አንሺ፤ ከደማም ይድማ። ከረሜላ ሁለተኛ እንዳትልኪ። ተቆጥቷል ብትይ፣ አዎ ተቆጥቻለሁ፤ በአንቺም፣ በአክስታችንም፣ ዝም ብሎ በሞተው በአባዬም፣ ከሁሉ በላይ ግን በራሴ። ስለ አንቺ ደግሞ "ልቧ ነው" ብዬ ለሰው የማወራበት አፍ የለኝም።

ጩጬዋ "የፊት ጥርሴ በቀለ በላት" ብላ ግንባርሽን ትስምሻለች። አክስታችን ሰላም በልልኝ ብላለች፤ ይኸው ብያለሁ። እማዬ ጉንጭሽን አገላብጣ ትስምሻለች። ስትስቂ ፊትሽ ለምን እንደሚከለል ሁለት ጊዜ ጠይቃኝ "ካሜራው ነው" ብያታለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ከጠየቀችኝ ግን አንቺው እንድትነግሪያት ስልኩን ለእሷ ሰጥቼ ከክፍሉ እወጣለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከቤታችን፣ ከመመገቢያው ጠረጴዛ
ረቡዕ፣ ኅዳር 12 ቀን