የገለባ ጆሮ የተከፈተ ሰሞን

ጥቅምት 24፣ 2005፣ ቅዳሜ

ገበያው ቀዝቃዛ ነበር። ፍየል ሞልቷል፣ ገዢ የለም። የጥቂቶቹን አፍ ከፍቼ በጥርሳቸው ዕድሜያቸውን ተናገርኩና ሻይ ቤት ተጎልቼ ዋልኩ። የደላላ ኑሮ።

ከሰዓት በኋላ ገለባ የጫነ መኪና ሲራገፍ ከአንዱ እስር ውስጥ የሆነ ነገር ጮኸ። አይጥ መሰለኝ። የድመት ግልገል ኖሯል። እናቱ የለችም፤ ሹፌሩ ገለባውን ከየመንደሩ ስለለቀመው የትኛው ቤት እንደቀረች አያውቅም። መዳፌን እንኳ አይሞላም።

ኪሴ ከትቼ ለሶሲና አመጣሁላት። የእህቴ የአትጠገብ ልጅ ናት፣ ዘጠኝ ዓመቷ። "እጅሽን ክተቺ፣ ከረሜላ አለ" አልኳት። ጩኸቷ አስፋልት ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ከዚያ እንደ ሥራዬ አፉን ፈልቅቄ አየሁት። ጥርስ የለም። "ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ነው" አልኳት። ስሙን ገለባ አለችው።

በዚህ ሁሉ ጫጫታ ጄኔራሉ ተኝቷል። ጄኔራል ያልኩት እኔ ነኝ እንጂ ስሙ ኪሩቤል ነው። የሶሲና ወንድም፣ አምስት ወሩ። አባቱ ሽመክት በጭነት መኪናው ጉናጋዶ ከተማ ጭነት አድርሶ ሲመለስ ግቢው በር ላይ ክላክሱን ይለቀዋል። ሰፈሩ ይነቃል፣ እሱ ዓይኑን አይገልጥም። "ይኼስ መድፍ ሥር የሚተኛ ጄኔራል ነው" ያልኩ ቀን ሽመክት እንዴት ደስ እንዳለው... ስሙ በዚያው ቀረ።

ጥቅምት 25፣ እሑድ

ሶሲናን አስለቀስኳት።

ግልገሉን በብርሃን አየሁት። እትብቱ ደርቆ እንደ ክር ተንጠልጥሏል፤ ስለዚህ በቅርቡ የተወለደ ነው። ግን ዓይኑ ድፍን ያለ ነው። ጆሮው ተጣጥፎ ከጭንቅላቱ ጋር ተለጥፏል። እግሩ አይሸከመውም፣ በሆዱ ይሳባል። የፍየል ግልገል በተወለደ በሰዓቱ ቆሞ ጡት ይፈልጋል። ያያል፣ ይሰማል። ግመልም እንደዚያው። ይኼ ግን...

"ተበላሽቶ የተወለደ ነው። ዕውር ነው፣ ደንቆሮ ነው፣ አይቆምም። ተስፋ አታድርጊ" አልኳት። ስቀልድ አልነበረም። የማውቅ መስሎኝ ነው።

"አጎቴ፣ አንተ የምታውቀው ፍየል ነው" አለችኝ እንባዋን እየጠረገች።

ስንት ድመት በእግሬ ሥር አልፏል፣ አንዱን እንኳ ጎንበስ ብዬ አይቼ አላውቅም።

ከወተት ሻጯ ከሳህራ የግመል ወተት ገዛሁ። "ለማን ነው?" አለች። "ለልጄ።" "መቼ ወለድክ ደግሞ?" "ትናንት፣ ከኪሴ።" መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ጠብ ጠብ እያደረግን ሰጠነው። ዋጠ።

ጥቅምት 26

የእህል ነጋዴው ሂርሲ መጋዘን ድመት ወልዳለች ሲሉ ሰምቼ ሄድኩ። በአረፋ ማግስት ነው የወለደችው፤ ሂርሲ ቀኑን አይስተውም፣ የበዓሉን ሥጋ ስትሰርቀው ነበር የያዛት።

"ቀናው፣ ፍየሉ አልሸጥ ሲልህ ድመት ልትደልል ነው?" አለኝ።

"ገበያ ይቀየራል፣ ምን ታውቃለህ።"

የእሷም ልጆች ጆሮ ገና እንደ ታጠፈ ቅጠል ነው። ሁለቱ ዓይናቸውን በቀጭኑ ገልጠዋል፣ አንዱ ገና ነው። ሁሉም በሆዳቸው ይሳባሉ። ሁሉም ደህና ናቸው! ድመት ሲወለድ እንዲህ ነው ለካ። ዓይኑም ጆሮውም ከተወለደ በኋላ ነው የሚከፈተው። የእኛው ከእነሱ በጥቂት ቀን ያንሳል እንጂ አልተበላሸም። መመዘኛው ተሳስቶ ነው የኖረው... የእኔ መመዘኛ።

ይዤው የሄድኩትን ገለባን ለእናቲቱ ልናስጠጋላት ሞከርን። ቧጨረችኝ። ግን አንድ ነገር አሳየችን፤ ልጆቿን ከኋላ ካልላሰቻቸው አይሸኑም። ቤት ተመልሼ በሞቀ ውኃ የነከርኩትን ጨርቅ ለሶሲና ሰጠኋት። "ይኼን አጎት ይሥራው" አለች። ሠራሁት።

ሌሊቱን አትጠገብ ይዛዋለች። ጄኔራሉን ለማጥባት ስትነሳ ለገለባም ትሰጠዋለች።

ኅዳር 1

አንዱ ዓይኑ ተከፈተ። ሰማያዊ። ሶሲና ከትምህርት ቤት ስትመጣ አሳየኋት፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ከካርቶኑ አጠገብ አልተነሳችም።

"ያየኛል?"

"ጭጋግ ነው የሚያየው። ቆንጆ ከሆንሽ ሳይታወቅልሽ ያልፋል።"

ኅዳር 4

ሁለቱም ዓይን ተከፍቷል። ጆሮው ቀና ማለት ጀምሯል፣ ግን አጨበጨብኩ፣ ምንም የለም። የሂርሲዎቹ ግን ጆንያ ሲወድቅ ይደነግጣሉ። ጠብቅ፣ ጠብቅ... ትናንት የፈረድክበትን ረሳህ?

ኅዳር 8

ሰማ!

ሶሲና የድስት ክዳን ከኋላው መታች። ገለባ ባለበት ዘሎ ጎኑ ላይ ወደቀ። ሳቅን፣ አትጠገብም ሳቀች። ደግማ መታች፣ ጆሮውን ወደ ክዳኑ አዞረ።

ጄኔራሉ ከካርቶኑ አጠገብ ምንጣፍ ላይ ነቅቶ ተኝቶ ነበር። እጁን እያየ ነበር። ጨርሶ አልዞረም። ቅንድቡ እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

"ጄኔራሉ አልተበገረም" አልኩ። ለመሳቅ አፌን ከፍቼ... ሳቁ አልመጣም።

አትጠገብ ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ክዳኑን ከሶሲና እጅ ተቀበለች።

ኅዳር 9

የገበያ ቁልፎቼን ከራስጌው አንሿሿሁ። ምንም። ጠራሁት። ምንም። ጎንበስ ስል ፊቴን አየና በድዱ ሳቀልኝ፣ እግሩን አወራጨ። ጥላዬን እንኳ ያያል፤ በጎን ስመጣ ቀድሞ ይዞራል። ታዲያ እንቅልፋም ነው እንዴት ይባላል?

ደክሞት ይሆን? ልጅ እኮ ሲጫወት አይሰማም... ማንን ነው የማታልለው?

ያን ቃል ለድመቱ ስናገረው እንዴት ቀሎኝ ነበር።

ኅዳር 10

እንደገና በፍየል መለኪያ ልሳሳት? ሌላ ሕፃን ማየት አለብኝ ብዬ ሂርሲ ቤት ሄድኩ። ልጁ ነስራ ከኪሩቤል ትንሽ የሚያንስ ወንድ ልጅ አላት። አዴር ነው የምትለኝ፣ ለእሷም አጎት ሆኛለሁ።

ታቅፋው ሳለ ከኋላዋ ቁልፉን አንሿሿሁ። ሕፃኑ አንገቱን እስኪያመው ዞሮ ፈለገኝ።

"አዴር፣ ልጄን ልትገዛው ነው?"

"ጥርሱን ልይ መጀመሪያ።"

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ ቶሎ ወጣሁ።

ኅዳር 11

ሽመክት ገባ። እንደ ልማዱ በር ላይ ክላክሱን ለቀቀው። ገለባ ደንግጦ በሆዱ እየተሳበ ካርቶኑ ጥግ ተሸጎጠ። ሕፃኑ ተኝቷል። "ጄኔራሌ!" አለ ሽመክት፣ ግንባሩን ሳመው።

ከመኪናው ጭነት ሲያራግፍ ጠብቄ ነገርኩት። "ልጁ የሚሰማ አይመስለኝም።"

ሳቀ። ምን ያድርግ፣ ከእኔ አፍ ሌላ ነገር ሰምቶ አያውቅም። ደግሜ ነገርኩት። ስለ ድመቱ ጆሮ፣ ስለ ክዳኑ፣ ስለ ነስራ ልጅ። ፊቱ ተለወጠ።

"ጋሼ፣ ቀልድህ ልክ ይኑረው።"

"ቀልድ አይደለም።"

"ልጄን ከድመት ጋር ነው የምታስተያየው? ስሙን ያወጣኸው አንተ አይደለህ? ያኔ ጀግና ነበር፣ ዛሬ ድመት በለጠው?"

እውነቱን ነው፣ ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ኅዳር 12

ወደ ዋናው ቤት አልገባሁም። ከክፍሌ መስኮት የሶሲናን ድምፅ እሰማለሁ፤ ገለባ አራት እግሩ ላይ ቆመ ትላለች። አልወጣሁም።

ኅዳር 14

ሽመክት ወደ ጉናጋዶ ተመልሷል። አትጠገብ ቧንቧው አጠገብ የሕፃኑን ጨርቅ ታጥባለች። አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

"አቱ..."

"ስለ ኪሩ ነው አይደል?" አለች። ቀና አላለችም።

"ሽመክት ነገረሽ?"

"እሱ ምንም አላለኝም።" ጨርቁን ጨመቀችው። "መብራት ሲጠፋ ነው ያወቅኩት። ጨለማ ውስጥ ሲያለቅስ እጠራዋለሁ፣ አለሁ እለዋለሁ፣ እዘፍንለታለሁ። አያቆምም። እጄ ሲነካው ብቻ ዝም ይላል። መብራት ኖሮ ሳልናገር ቢያየኝ ደግሞ ዝም ይላል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከክረምት።"

"ለምን ዝም አልሽ?"

"ሁላችሁም ትስቃላችሁ። ጄኔራል ስትሉት እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ሌላ ሰው ካላየው እውነት አይሆንም ብዬ..." አሁን አየችኝ። "ይናገራል ብዬ የጠበቅሁት ሰው አንተ አልነበርክም፣ ወንድም ጋሼ።"

ጨርቁን ከእጇ ተቀብዬ ገመዱ ላይ አሰጣሁ። ሌላ ምን አውቃለሁ?

ኅዳር 21

ሆስፒታል ሄድን። ሽመክትም መጣ፤ አትጠገብ ምን እንዳለችው አላውቅም፣ ሌሊቱን ከክፍላቸው ድምፅ ነበር።

ወጣት ሐኪም ነው። ጆሮውን በብርሃን አየ፣ ከኋላው ደወል መታ። ዋናው ምርመራ አዲስ አበባ ነው አለ። "ቀድማችሁ ደርሳችኋል። ብዙ ሰው የሚያመጣው ሁለት ዓመት ሞልቶት ቃል አልወጣ ሲለው ነው።"

ሽመክት ወደ እኔ አልዞረም። ግን ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ልጁን እኔ ጭን ላይ አስቀመጠው።

ታኅሣሥ 1

ልጁን ይዘው የሄዱት አትጠገብና ሽመክት ከአዲስ አበባ ደወሉ። ሁለቱም ጆሮ። አትጠገብ አላለቀሰችም፣ "ብርድ ነው እዚህ፣ ሶሲናን ሹራብ አልብስልኝ" ነው ያለችው። ስልኩን ዘግቼ ሹራቡን ስፈልግ ቆየሁ። እጄ ላይ ነበር።

ለሶሲና እንዴት እንደምነግራት አላወቅኩም። ገለባን አቅፋ ሰማችኝ። "ጆሮው በኋላ አይከፈትም? እንደ ገለባ?"

"አይከፈትም።"

"አንተ ግን የምታውቀው ፍየል ነው" አለች። በዚህኛው ጊዜ የምታለቅሰው እሷ አልነበረችም። እኔ ነበርኩ።

ታኅሣሥ 10

ገለባ ጥርሱ ሞልቷል። አፉን ከፍቼ ቆጥሬ ለሶሲና አስረዳኋት፤ ነከሰኝ። የዓይኑ ሰማያዊ እየለቀቀ ቢጫ እየገባበት ነው። የሂርሲዎቹም እንደዚያው። አሁን አፌን ሞልቼ የድመት ዕድሜ እናገራለሁ፣ የሚጠይቀኝ ግን የለም።

ከእንግዲህ ከኪሩቤል ጋር ምን እንደማደርግ ግን ሳላውቅ ነው የሰነበትኩት። ሙያዬ ሁሉ አፌ ነው። በአፌ እሸጣለሁ፣ በአፌ አስቃለሁ። ለእሱ ምን አለኝ?

ዛሬ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠን ገለባ ወተት ፈልጎ ፊታችን ቆመ። አንዳንድ ጊዜ አፉን ብርግድ አድርጎ ይጮሃል፣ ድምፅ ግን አይወጣም። ዛሬም እንዲሁ አደረገ። ኪሩቤል አየውና ፍርፍር ብሎ ሳቀ።

እኔም አደረግኩት። አፌን ከፍቼ፣ አፍንጫዬን ሰብስቤ፣ ያለ ድምፅ። ዓይኑን ከገለባ ላይ አንስቶ እኔን አየ። ስቅ እስኪለው ሳቀ።

ስንት ጊዜ እንዳደረግኩት አላውቅም። ቀና ስል ሽመክት በሩ ላይ ቆሟል፣ የመኪናው ቁልፍ በእጁ። ክላክስ አልሰማሁም። አልነፋም ለካ። ስንት ደቂቃ እንደቆመ እንጃ።

ጫማውን አውልቆ አጠገቤ ተንበረከከ።

"ጋሼ፣ እንዴት ነው የምታደርገው?"

"አፍንጫህን ሰብስብ። ጥርስህን አታሳይ፣ ልጁን ታስፈራዋለህ።"

ሰበሰበ። አላማረበትም፣ ግን አፉን ከፈተ። እኔም ከፈትኩ፣ ገለባም ከፈተ። ከሦስታችን ትንፍሽ ያለ አልነበረም። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የኪሩቤል ሳቅ ብቻ ነበር።